ኮማንደር የሚጠብቀው አጥንት

መጋረጃ ጨርቅ ነው እንጂ ግድግዳ አይደለም። ይሄን ደሞ ከልብስ ሰፊ በላይ የሚያውቀው የለም፤ ያንን መጋረጃ የሰፋችው ራሷ ናት፣ ጠርዙን ሁለቴ አጥፋ። ግን ያው ቤት ውስጥ በሽተኛ ሲኖር ሰው መጋረጃውን እንደ በር ይቆጥረዋል፤ ድምፁን ትንሽ ዝቅ ካደረገ አልጋ ላይ ያለው ሰው ጆሮውም አብሮ የተኛ ይመስለዋል። እናላችሁ፣ ያን ቀን ጠዋት ልብስ ሰፊዋ አንድ ትራስ ጀርባዋ፣ አንድ ትራስ ወገቧ፣ አንድ ትራስ ደሞ ጉልበቷ ስር ተደርጎላት እንደ ሸክላ ዕቃ ተደግፋ ሳለ፣ የባሏ ታላቅ እህት እትዬ ከመጋረጃው ወዲያ የሚሉትን ቃል በቃል ሰማች።

"እንግዲህ እሷ ምን ታደርግበታለች?" አሉ እትዬ። "የኔዋ ልጅ ስፌት ተምራ ጨርሳ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች። መኪናው ደሞ እዚህ ጨርቅ ለብሶ ቆሞ ይዝጋል። ከሰዓት ሀኪም ቤት ስትሄዱ ሰው ይዤ መጥቼ ላውጣው። ሳታየው ቢሆን ይሻላል።"

መኪናው ማለት የስፌት መኪናዋ ነው። በእግር የሚረገጠው፣ ጥቁሩ፣ መስኮቱ ስር ያለው። የሻይ ማንኪያ ብርጭቆ ውስጥ ሲዞር፣ ስኳሩ ከሟሟ በኋላም ሲዞር ይሰማል። ልብስ ሰፊዋ ትንፋሿን ይዛ ጠበቀች። አሁን ባሏ "ምን ማለትሽ ነው?" ይላል፣ አሁን ይቆጣል፣ አሁን ቢያንስ "እስቲ እሷን ልጠይቃት" ይላል ብላ ጠበቀች። ማንኪያው ቆመ።

"ቁልፉን ምድር ቤት ሱቁ ጋ እተውልሻለሁ" አለ ባሏ።

ባሏን ሰፈሩ ኮማንደር ነው የሚለው። ወታደርም ፖሊስም ሆኖ አያውቅም፤ የመጋዘን ጥበቃ ነው፣ የቀን ፈረቃ። ግን ቆቡን አዘንብሎ አድርጎ አያውቅም፣ ሰላምታ ሲሰጥም ተረከዙን ገጨት ያደርጋል፣ በቃ ስሙ ከዛ መጣ። ቁልፍ ላይ ደሞ ቀልድ አያውቅም። ሚስቱ ቆሻሻ ልትደፋ ስትወጣ እንኳ "ቁልፍ ይዘሻል?" ሳይላት ቀርቶ አያውቅም። የሱሪው የቀኝ ኪስ ከቁልፉ ክብደት የተነሳ ከተቀደደ ሰነበተ፤ ሚስቱ እንዳትሰፋው ስለከለከላት፣ ለሌላ ሰፊ መስጠት ደሞ ክህደት ስለመሰለው፣ በመርፌ ቁልፍ ይዞት ነው የሚዞረው። እና ይሄ ሰውዬ ነው አሁን ቁልፍ እተውልሻለሁ ያለው። ልብስ ሰፊዋ ጣሪያውን እያየች አሰበችው። ኮማንደር ቁልፍ ለሰው ከሰጠ የሚጠበቅ ነገር አልቋል ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሽታው አልቋል ብለዋት ነበር። የማህፀን ጫፍ ካንሰር፤ ቀዶ ጥገናውንም ጨረሩንም ጨርሳ፣ የምግብ ፍላጎቷም ተመልሶ፣ መኪናዋ ላይ ቁጭ ብላ የሰው ቀሚስ ማጥበብ ማስፋት ጀምራ ነበር። ከዛ አንድ ቀን እርጥብ ወለል አዳለጣትና በእጇ መሬቱን ስትደገፍ አንጓዋ ቀጭ አለ። እንደ ደረቅ እንጨት። ይሄን የሚያህል ነገር እጅ ይሰብራል? ሀኪም ቤት ሄዱ። እሷ ሌላ ክፍል ጀሶ ሲታሰርላት ዶክተሯ ባሏን ለብቻው አናገረችው። ምን እንዳለችው አታውቅም፤ የምታውቀው ሲወጣ ፊቱ የሌላ ሰው ፊት ሆኖ እንደነበር ነው። "ምን አለች?" ስትለው "ጥሩ ነው፤ ኪኒን ጽፋልሻለች" አለና፣ ቤት ሲደርሱ ሳትጠይቀው ጎንበስ ብሎ በጀርባው አዝሏት ደረጃውን ወጣ።

ከዛ ወዲህ እግሯ መሬት ረገጠ ማለት ይከብዳል። ምንጣፉ ተጠቅልሎ አልጋ ስር ገባ። ባልዲው ተደበቀ፤ የት እንደደበቀው እስከዛሬ አላወቀችም። ከሥራ ሲመለስ ሽንኩርቱን እሱ ይከትፋል፣ እያለቀሰ፣ ሰሃኑን እሱ ያጥባል፣ ልብሱን እሱ ያሰጣል፤ ቀን ቀን እሱ ሥራ ሲውል ጎረቤቶቹን በፈረቃ መድቦባታል፣ እውነቴን ነው፣ "ተነስታ ብታዩአት ጥሩኝ" ብሎ። መጀመሪያ ላይ ሳቋ ይመጣ ነበር። ወንድ ልጅ እንዲህ ሲያደርግ አይታም አታውቅ። ጀሶው ተፈትቶ እጇ ድኖም ግን ነገሩ አልቆመም። እንደውም ባሰ። በዛ ላይ ይኸው ካለፈው ወር ጀምሮ ጀርባዋን ያማት ጀመር፣ ታች ወገቧ አካባቢ፣ ድንዝዝ ያለ ህመም፣ እና ለማንም አልተናገረችም። ለምን ትናገራለች? በዚህ ሰፈር ለበሽተኛ እውነቱ አይነገርም፤ ለቤተሰብ ነው የሚነገረው፣ ቤተሰብ ደሞ ትራስ ይጨምራል። እሷም ትራሶቹን አይታ ገባት። ወደ አጥንቷ ገብቷል። ነግረውታል። ደብቋታል። አሁን ደሞ መኪናዋን ከነፍሷ በፊት ሊያወጡት ነው።

ባሏ ሥራ እስኪወጣ ድረስ ልትጠይቀው አፏን ከፈተች፣ ዘጋች። እትዬ ከመሄዳቸው በፊት መጋረጃውን ገለጥ አድርገው ገቡ። ሴትየዋ ክፉ አይደሉም፤ እንዲያውም በየሳምንቱ ወተት ይዘው ሳይመጡ ቀርተው አያውቁም፣ ወተቱ በየሳምንቱ እየተወደደም። ግንባሯን ሳሟትና "አይዞሽ የኔ እህት፣ ዋናው ጤና ነው፣ ዕቃ ምን ያደርጋል" አሉ። ልብስ ሰፊዋ "እውነት ነው እትዬ" አለች። ሁለቱም ወደ መስኮቱ አላዩም።

ከሰዓት ላይ ኮማንደር ከሥራ አስፈቅዶ፣ የደንብ ልብሱን ሳይቀይር፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ቁጢጥ አለ። "ነይ እናቴ፣ ያዥኝ።" አንገቱን ያዘች። ደረጃው ላይ የሁለተኛ ፎቋ ጎረቤት ልብስ እያሰጣች "ኮማንደር! ሙሽራዋን ወዴት ነው?" ብላ ሳቀች። እሱም "ሙሽራ ድሮ ቀረ፣ አሁን ንብረት ናት፣ በኃላፊነት የተረከብኳት" አለ እያለከለከ። ሰው የሚያዝል ሰው ከኋላው ያለውን አያይም፤ የታዘለ ግን ካዘለው ሰው ትከሻ በላይ ሁሉን ያያል። ምድር ቤት ሱቁ ጋ ሲደርሱ እጁ ወደዛ በመርፌ ቁልፍ ወደተያዘው ኪስ ሲገባ አየች። ቁልፉ ባንኮኒው ላይ ሲቀመጥ አየች። ባለ ሱቁ ቀና ብሎ እሷን አይቶ ቶሎ ብሎ ዐይኑን ወደ ሳሙናው ሲመልስ አየች። ጉንጯን ባሏ ማጅራት ላይ አስደገፈች። ማጅራቱ ላብ በላብ ሆኖ ነበር፤ የመጋዘን አቧራ ይሸታል።

ታክሲው ውስጥም ያው ነው። "ቀስ እያልክ ወንድሜ፣ ተሰባሪ ዕቃ ይዘናል" አለው ሾፌሩን። ሾፌሩ ዞር ብሎ "ዕቃው የታል ጋሼ?" አለ። "እሷ ናታ!" ሾፌሩ በመስታወት አያትና "እናቴ፣ እንዲህ የሚል ባል ካለ ለእህቴም ፈልጊልኝ" አለ። ፈገግ አለችለት። ሆዷ ግን ሌላ ነገር ይላል። ሰው እንዲህ የሚወደደው ሊሄድ ሲል ነው ይላል።

የሀኪም ቤቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ኮማንደር ጃኬቱን አጥፎ ስሯ አነጠፈላትና ካርድ ሊያወጣ ሄደ። አጠገቧ አረንጓዴ ሻርፕ ያደረገች፣ በኤንቨሎፕ ፊቷን የምታራግብ ሴት አለች። እንደዚህ ያለ ቦታ ሰው ስም አይጠያየቅም፤ በሽታ ነው የሚጠያየቀው።

"አንቺም የታች ነሽ፣ የማህፀን?" አለቻት ባለ ሻርፗ።

"የታች።"

"እኔም። አወጡት፣ ተገላገልኩ ብዬ ሳላበቃ ይሄ እሳት መጣብኝ። ሌሊት ተነስቼ መስኮት ስከፍት ባሌ በብርድ አለቀ። ብርድ ልብሱን እሱ ይለብሳል፣ እኔ እነዳለሁ። የማገዶ ወጪ ቀነስን!" ሳቀችና ጉልበቷን መታ መታ አደረገች። "ደሞ አጥንት ሳስቷል ተብዬ ደረጃ ውጪ፣ ተራመጂ፣ ፀሐይ ሙቂ ብላኝ ዶክተሯ፣ ይኸው በስተርጅና ስፖርተኛ ሆኛለሁ። አንቺስ፣ ምን አለችሽ?"

"እኔንማ... ተኚ ነው የተባልኩት።"

ባለ ሻርፗ ማራገቡን አቆመች። ከላይ እስከ ታች አየቻትና "አይዞሽ" አለች፣ በሌላ ድምፅ። ያቺ "አይዞሽ" ናት የጨረሰቻት። ለዚህች ተራመጂ፣ ለኔ ተኚ። እንግዲህ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ?

አጥንት የሚለካበት ክፍል ቀዝቃዛ ነው። ጠፍጣፋ አልጋ ላይ ተጋደመች፤ ከላይዋ አንድ ክንድ የመሰለ ነገር ሳይነካት ቀስ ብሎ ከወገቧ ወደ ዳሌዋ ሄደ፣ ጨርቁን የማይነካ ካውያ በሉት። ትንፋሿን ውጣ ይዛ ስለነበር ባለሙያው ልጅ "እናቴ፣ አይንቀሳቀሱ ነው ያልኩት እንጂ አይተንፍሱ አላልኩም" አላት። ተነፈሰች። ጣሪያው ላይ የውሃ እድፍ አለ፣ ቅርፁ የእጅጌ ቁርጥ ይመስላል፣ የግራ እጅጌ። እሱን እያየች ሀሳቧን ቆረጠች። ዛሬ ባሌ አይጠይቅልኝም፣ ራሴ እጠይቃለሁ። አውቄው ልሙት።

ዶክተሯ ወጣት ናት፤ ጠረጴዛዋ ላይ የቀዘቀዘ ሻይና የተነከሰ ዳቦ አለ፣ ቀኑን ሙሉ ሰው ስታይ የዋለች። ኮማንደር ሚስቱን ወንበሩ ላይ አስቀምጦ ራሱ ከኋላዋ ቆመ፣ እንደ ልማዱ፣ በሩን በሚያይበት በኩል። ዶክተሯ ገና ወረቀቱን ስታነሳ ልብስ ሰፊዋ ቀደመቻት።

"ዶክተር፣ አጥንቴ ውስጥ ገብቷል አይደል? ከኔ አትደብቂኝ። ልጅም የለኝም የሚሳቀቅብኝ።"

ከኋላዋ የባሏ ትንፋሽ ሲቆም ሰማች።

"ካንሰሩ?" አለች ዶክተሯ። "ኧረ በፍፁም! ማን አለዎት? ባለፈው ሳምንት የተነሱት ፎቶም ደሙም ንፁህ ነው፤ ካንሰር የለም፣ አልተመለሰም።" ልብስ ሰፊዋ ጀርባዬን ያመኛል ስትል ዶክተሯ ራሷን ነቀነቀች። "አይቼዋለሁ፣ ስብራትም የለም። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። አጥንትዎ እጅዎ ሲሰበር ከለካነው ይልቅ ሳስቷል። ኪኒኑን አልወሰዱም?"

"አንድ ቀን አላቋረጥኩም።"

"ይራመዳሉ?"

"አልራመድም።"

"ፀሐይስ?"

"በመስኮት አያታለሁ።"

"ውይ! ማነው የከለከለዎት?"

ከኋላዋ ተረከዝ ገጨት ሲል ተሰማ። ኮማንደር ቆቡን አውልቆ ደረቱ ላይ ይዞ፣ አለቃ ፊት ሪፖርት እንደሚያቀርብ ቀጥ ብሎ ነበር። "እኔ ነኝ ዶክተር። በታዘዝኩት መሰረት።"

"ማን አዘዘዎት አባቴ?"

"እርሶ ነዎታ። እጇ የተሰበረ ጊዜ። 'ዋናው ነገር አጥንታቸው እንዲጠበቅ ነው' አሉኝ። እኔም ጠበቅኩ። መሬት አላስረገጥኳትም። ባልዲ አላስነካኋትም። ያጓደልኩት ነገር ካለ ይንገሩኝ።"

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ለትንሽ ጊዜ የምትስቅ ይሁን የምታለቅስ አልለየላትም። "አባቴ... እንዲጠበቅ አላልኩም። እንዲጠብቅ ነው ያልኩት! እንዲጠብቅ! ጠበቅ እንዲል፣ እንዳይላላ!"

ኮማንደር ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ሁለቱን ቃላት በየተራ ቀመሳቸው። እንዲጠበቅ። እንዲጠብቅ። "ዶክተር" አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ ወርዶ፣ "እኔ እድሜዬን ሙሉ ጥበቃ ነኝ። ሰው 'ጠ' ብሎ ሲጀምር የቀረውን እኔ ነኝ የምጨርስለት።"

ዶክተሯ ወንበሯን ወደ ልብስ ሰፊዋ አስጠጋች። አሁን ለባሏ ሳይሆን ለሷ ነው የምትናገረው። ቀዶ ጥገናው ላይ ማህፀኑ ብቻ አልነበረም የወጣው፤ እንቁላል የሚያመርቱት ሁለቱ ዕጢዎችም አብረው ወጥተዋል። አጥንትን አጠንክሮ የሚይዘውን ሆርሞን የሚሠሩት እነሱ ነበሩ፤ ባለ ሻርፗ ያወራችው እሳትም ከዛ ነው የሚመጣው። ጨረሩ ደሞ ዳሌ አካባቢ ያለውን አጥንት ያደክመዋል። "እርሶ ጨርቅ ያውቃሉ፤ ሽመናው የላላ ጨርቅ አይተው የለ? በትንሽ ነገር ይተረተራል። አጥንትም እንደዛ ነው። እና አጥንት የሚጠብቀው ሲሠራበት ነው፤ ሲራመዱበት፣ ሲቆሙበት፣ ደረጃ ሲወጡበት። ዝም ብለው ካስቀመጡት 'አልፈለጉኝም' ብሎ ይሳሳል። የጀርባው ህመምም ከመተኛት ብዛት ነው፤ ጡንቻዎ እኮ ሟሟ!" ጎንበስ ብሎ ከባድ ነገር ማንሳት የለም፣ መውደቅ የለም፤ ኪኒኑ ይቀጥላል፣ ወተትና እንቁላል አይቋረጥ፣ ምናልባት መርፌም ይጨመራል። ቀስ እያሉ ግን መነሳት ነው። "ደሞ ያኔ ለርሶ ነበር መንገር የነበረብኝ። እሱ የኔ ጥፋት ነው።"

ልብስ ሰፊዋ ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። "መኪና ብረግጥስ? የስፌት መኪና?"

"ይርገጡ! ምን ገዶኝ! በየመሃሉ እየተነሱ ብቻ።"

ኮማንደር ቆቡን በጣቶቹ መሃል እያዞረ "ምንጣፉን ጠቅልዬዋለሁ፣ እሱስ ልክ ነው?" አለ፣ ቅጣት እንደሚጠብቅ ተማሪ። ዶክተሯ "እሱ በጣም ልክ ነው አባቴ፣ እንዳያደናቅፋቸው" አለችው። ምን ልበላችሁ፣ ፊቱ ላይ ያቺ አንዲት ልክ እንዴት እንዳበራች።

ውጪ ፀሐይ ነው። ኮማንደር ከልማዱ ጎንበስ ሊል ሲል ሚስቱ ትከሻውን መታ አደረገችው። "ተነስ። ክንድህን ብቻ ስጠኝ።" ከበሩ እስከ መንገዱ ድረስ በእግሯ ሄደች፤ እግሯ እንደ ጥጃ እየተብረከረከ፣ እያረፈች። አንድ ዛፍ ስር ቆመው እሱ ድንገት "ቁልፉን ሰጥቻለሁ" አለ።

"አውቃለሁ። መጋረጃው እኮ ጨርቅ ነው።"

የሆነ አውቶብስ አለፈ፣ ሌላም አለፈ። "ቁጭ ብለሽ ወደ ስፌት መኪናሽ እያየሽ ስትተክዢ አልችል አልኩ" አለ በመጨረሻ። "ብትነኪው ትሰበሪብኛለሽ ብዬ ፈራሁ። ባትነኪው ደሞ ዐይንሽ... በቃ ከፊትሽ ይጥፋልሽ ብዬ ነው። ሌባ ነኝ።"

"እኔ ደሞ ልትቀብረኝ እየተዘጋጀህ መስሎኝ ነበር።"

"እኔ?! አንቺን?!" ብሎ መንገዱ መሃል ጮኸና አላፊ አግዳሚው ዞሮ አየው። ከዛ ቆቡን ዐይኑ ድረስ ሳበው። እሷ ክንዱን ጠበቅ አድርጋ ያዘችውና "ና ይልቅ እንፍጠን፣ እትዬ ፈጣን ናቸው" አለችው።

ሱቁ ጋ ሲደርሱ ቁልፉ ባንኮኒው ላይ የለም። ባለ ሱቁ ምንም ሳይጠየቅ በአገጩ ወደ ላይ አሳየ። ልብስ ሰፊዋ የደረጃውን ብረት ያዘች። ወጣች፣ ቆመች፣ ወጣች። ጉልበቷ ይንቀጠቀጣል፤ ግን የራሷ ጉልበት ነው የሚንቀጠቀጠው። ኮማንደር አንድ ደረጃ ወረድ ብሎ ከኋላዋ ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ ሳይነካት፣ እንደ ግብ ጠባቂ ይከተላታል። የሁለተኛ ፎቋ ጎረቤት በሯ ላይ ወጥታ "ወይ ጉድ፣ ንብረቷ በእግሯ!" አለች። ማንም አልሳቀላትም፤ ምክንያቱም ልክ ያኔ ከላይኛው መታጠፊያ የብረት እግር ግድግዳ ሲፍቅ ተሰማ፣ መኪናው እየወረደ ነበር። ሁለት ተሸካሚዎች ከግራና ከቀኝ ይዘውት፣ የለበሰው ጨርቅ በአንድ በኩል ተንሸራቶ ጥቁር አንገቱ ብቅ ብሎ፤ ከኋላቸው እትዬ ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ "ቀስ! ቀስ! ግድግዳው እንዳይቦጭረው!" ይላሉ።

ሁሉም ቆመ። ደረጃው መኪናውንና ሰው አብሮ አያሳልፍም፤ ወይ መኪናው ይመለሳል ወይ ልብስ ሰፊዋ። እትዬ መጀመሪያ ያዩት ወንድማቸውን ሳይሆን እግሯን ነበር፣ መሬት የረገጠውን እግር።

ኮማንደር ሚስቱን በጎን አልፎ ወደ ላይ ወጣ። ቆቡን አስተካከለ። መሃል ላይ ቆመና ክንዱን ዘረጋ።

"መውጫ አለው?"

"ምን?" አሉ እትዬ።

"ዕቃው። የመውጫ ወረቀት።"

"አንተ ልጅ አብደሃል እንዴ? ቁልፉን የሰጠኸኝ ራስህ አይደለህ?"

"ቁልፍ ለመግቢያ ነው እትዬ። ለመውጫ ፈራሚ ያስፈልጋል። እኔ ጥበቃ ብቻ ነኝ፣ መፈረም አልችልም።" ዞረና ወደ ታች ሚስቱን አየ። "ባለንብረቷ እሷ ናት።"

ከተሸካሚዎቹ አንዱ "ጋሼ፣ ይሄ ነገር ብረት ነው፤ እየተመካከራችሁ እኛ እናስቀምጠው እንዴ?" አለ። አስቀመጡት። ልብስ ሰፊዋ ብረቱን እንደያዘች ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቀች። ብዙ ነገር ልትል ትችል ነበር። ግን ቀና ስትል የእትዬን ፊት አየችው። እየተንቀጠቀጠ ነው።

"እትዬ፣ አልፈርምም" አለች ቀስ ብላ። "ልጅቷ ግን ትምጣ። መኪናው እዚሁ ይሁንና እሷ ትምጣ። እኔ ስደክም እሷ ትርገጥ፣ እሷ ስታበላሽ እኔ ልፍታ። እጇ ጥሩ ነው፣ እኔ ነኝ መርፌ ያስያዝኳት።"

እትዬ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። ነጠላ ጫማቸው አንዱ ወልቆ አንድ ደረጃ ወረደ። "እኔ እኮ..." አሉና አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። "በጀርባው ሲያዝልሽ ሳይ፣ ትራስ ሲደራርብልሽ ሳይ፣ እኔ እኮ የምትሞቺ መስሎኝ ነው። ምን ሆና ነው ብዬ እንዳልጠይቀው ፈራሁት። እሱም ዝም አለኝ። ከሞትሽ በኋላ ዕቃሽን እያየ ተክዞ እንዳይቀር ብዬ ነው፣ ልጄ ሰበብ ናት።"

"እኔም የምሞት መስሎኝ ነበር እትዬ" አለች ልብስ ሰፊዋ። "ሁላችንም እንደዛው መስሎን ነው።" ጎንበስ ልትል ስትል ኮማንደር ቀድሟት ጫማውን አነሳ፤ ጎንበስ ማለት የለምና።

መኪናው ተመልሶ መስኮቱ ስር ገባ። ተሸካሚዎቹ ያው ተሸክመናል ብለው ሙሉውን ተቀበሉ፣ እትዬ እየተነጫነጩ ከፈሉና እንቁላል ሊገዙ ወረዱ፤ "ዳቦም ጨምሪ" አላቸው ወንድማቸው ከላይ። ከሰዓት በኋላዋ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ የሚረገጠው ብረት ላይ አርፋለች። ልብስ ሰፊዋ ከትራሶቹ የጀርባዋን ብቻ አስቀርታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና እጇን ዘረጋች።

"ሱሪህን አውልቅ።"

"አሁን? እትዬ ልትመለስ..."

"ኪሱን ልሰፋው ነው አንተ ሰው!"

መጋረጃው ጀርባ ገብቶ ቀየረ። መርፌ ቁልፉን ፈታችው፣ ጫፉ ዝጎ ጨርቁ ላይ ቡናማ ነጥብ ትቷል። ከስር ድርብ ጨርቅ አደረገች፣ ክሩን አሳለፈች፣ ዐይኗ ትንሽ አስቸግሯት፤ እግሯን ብረቱ ላይ አሳረፈች። ኮማንደር አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ ጉልበቷን ነው የሚያየው። የመጀመሪያው ርግጫ ላይ ፊቱ ጭምድድ አለ፣ የሆነ ነገር ቀጭ ሲል ሊሰማ ጆሮውን ሰጥቶ። ቀጭ ያለ ነገር የለም። መኪናው ሳል አለ፣ ከዛ ዞረ። ትንሽ ከሄደ በኋላ አቆመችውና ስፌቱን ገልብጣ አየች። ከስር ክሩ እንደ ቀለበት ቀለበት ሆኖ ተንጠልጥሏል። ከቆመ ሰንብቶ የለ፣ ላልቷል።

"እዛጋ ያለችውን ትንሿን ብሎን፣ ከክሩ በላይ" አለችው። "አየሃት?"

ኮማንደር ወፍራም ጣቶቹን ብሎኗ ላይ አደረገና ቀና ብሎ አያት። ፊቱ ኮስተር እንዳለ ነው፤ ዐይኑ ብቻ እርጥብ ነው።

"ልጠብቃት ወይስ ላጥብቃት?"

ሳቀች። ጎኗን ይዛ፣ ከዛ ሁሉ ትራስ በኋላ፣ ከሆዷ ሳቀች፤ እሱም ደንግጦ "ቀስ! ጎንሽን!" አለ፣ ከዛ ምን እንዳለ ሲገባው እሱም ሳቀ። "አጥብቃት አንተ" አለችው ዐይኗን እየጠረገች። "መጠበቁን ለመጋዘኑ ተወው።"

ብሎኗን ትንሽ አዞራት። ልብስ ሰፊዋ እግሯን መልሳ አሳረፈች፣ ረገጠች። ኪሱ ከመርፌው ስር ወጣ፣ ገልብጣ በአውራ ጣቷ ሳበችው።

ክሩ ጠብቋል።